ኩምባኮናም አጠገብ አንድ ቤት ውስጥ በተሰራ የታሚል ፊልም ላይ ማይክ ይዤ ያየሁት

ይሄን የምጽፈው በትንሽ ብር የቤተሰብ ፊልም ልስራ ብላችሁ ስክሪፕት ይዛችሁ ፕሮዲውሰር ፍለጋ ለምትዞሩ ልጆች ነው። እኔ ዳይሬክተር አይደለሁም፣ የሰራሁት ድምጽ ላይ ነው፣ ግን ድምጽ ላይ የሚሰራ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ስለሚውል ብዙ ነገር ይሰማል፣ ብር የት እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የቱ ሲን ለምን እንደተሰረዘ።

ህንድ የሄድኩት ቼናይ ቪዥዋል ኮሙኒኬሽን ልማር ነው፣ እዛ ባጭሩ ቪስኮም ይሉታል። ታሚል እዛ ደቡብ ህንድ የሚነገረው ቋንቋ ነው፣ የታሚል ፊልም ኮሊዉድ የተባለው ኮዳምባካም ከሚባለው የቼናይ ሰፈር ስም ተነስቶ ነው፣ እኔም የተከራየሁት ከዛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ስለነበር ሻይ ቤት ቁጭ ስትል አጠገብህ ያለው ሰው ወይ ረዳት ዳይሬክተር ነው ወይ ስክሪፕቱን ለሰው ሊተርክ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛ አመት ላይ ከኮሌጃችን ቀድሞን የተመረቀ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ፊልሙን ሊሰራ ነው፣ ቡም፣ ማለት ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ፣ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ለምትማሩ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በተማሪ ቪዛ ደሞዝ ተቀብሎ መስራት አይፈቀድም፣ ስለዚህ እኔ በኮሌጁ በኩል እንደ ልምምድ ተደርጎ ደብዳቤ ተጽፎልኝ ነው የገባሁት፣ ምግብና መኝታ ብቻ። ዳይሬክተሩን ሁላችንም አንና ነበር የምንለው፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኔን ደሞ ታምቢ ይሉኝ ነበር፣ ታናሽ ወንድም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባት ሞቷል፣ ሶስት ልጆቹ ከቼናይ፣ ከባንጋሎርና ከዱባይ ተሰብስበው እስከ 16ኛው ቀን ስነ ስርአት ድረስ እናታቸው ቤት ይቆያሉ፣ 16ኛው ቀን ለነሱ ልክ እንደኛ አርባ በሉት። በነዛ ቀናት ውስጥ ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ነገር ቀስ እያለ ይወጣል። በቃ ይሄው ነው፣ ዘፈን የለው፣ ድብድብ የለው።

ባጀቱ 35 ላክ ሩፒ ነበር፣ ላክ ማለት መቶ ሺህ ነው፣ 100 ላክ ሲሞላ አንድ ክሮር ይባላል፣ እና በታሚል ፊልም አለም ሰው የሚያወራው በክሮር ስለሆነ 35 ላክ ስትል በሃዘኔታ ያዩሃል። ብሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አንና ለአመታት ሰርግ እየቀረጸ ያጠራቀመው አለ፣ ሁለት ጓደኞቹ ያዋጡት አለ፣ የቀረው ደሞ የእህቱ ወርቅ ነው። እዛ አገር ወርቅ አስይዞ መበደር በጣም የተለመደ ነው፣ ሴት ልጅ ስታገባ የተሰጣት ወርቅ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሃብት ነው፣ እና እህትየው አምባሯን ከእጇ አውልቃ ስትሰጠው አይቻለሁ፣ ከዛ ቀን በኋላ ፊልሙ ላይ አንድ ሰአት በከንቱ ሲባክን ሁላችንንም ያመን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንና መጀመሪያ የጻፈው ስክሪፕት 11 ሎኬሽን ነበረው፣ የሰርግ አዳራሽ፣ ሆስፒታል፣ የባቡር ጣቢያ ሁሉ ነበረበት። ያንን ተደምሮ ሲያየው ከባጀቱ ሶስት እጥፍ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ስክሪፕቱን መቆራረጥ ይጀምራል፣ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ተወውና ኩምባኮናም አጠገብ ካቬሪ ወንዝ የሚያጠጣው የሩዝ አገር ውስጥ ያለው አያቱ ቤት ሄዶ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ካሜራ አልያዘም፣ ደብተር ብቻ። ማን የት ይቀመጣል፣ ብርሃን በስንት ሰአት የት ይገባል፣ የቱ በር ሲከፈት ይጮሃል፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ይሄን ሁሉ ጽፎ ከዛ ታሪኩን ቤቱ ውስጥ አስገባው። ቤቱ የድሮ የታሚል ቤት ነው፣ ከፊት ለፊት ወንዶች የሚቀመጡበት ቲናይ የሚባል ከፍ ያለ በረንዳ አለው፣ መሃሉ ላይ ጣሪያ የሌለው ሙትራም የሚባል ግቢ አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ይዘንባል፣ ክፍሎቹ በሙሉ በዛ ዙሪያ ናቸው፣ ወጥ ቤቱ በጭስ ጠቁሯል። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ቤቱን ስለመሸጥ የሚያወሩት ቲናይ ላይ ሆነ፣ እናትየው ደሞ ሁሉንም የምትሰማው ከወጥ ቤት ሆና ሆነ፣ ምክንያቱም እዛ ቤት እውነትም ቲናይ ላይ የተወራ ነገር በሙትራሙ በኩል አልፎ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ያ የፊልሙ ዋና ሃሳብ ሆኖ ቀረ፣ ከቤቱ የመጣ ሃሳብ ነው፣ ቼናይ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አይመጣለትም ነበር።

ሁለት ፊልሞችን ደጋግሞ ያሳየን ነበር። አንዱ ቼዢያን የሚባለው ካሜራማን ዳይሬክት ያደረገው ቱ ሌት ነው፣ በፈረንጆቹ 2007 የአይቲ ስራ ቼናይን ሲያጥለቀልቃት የቤት ኪራይ ሰማይ ሲነካ አንድ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር በአንድ ወር ቤት ልቀቁ ተብለው ሲንከራተቱ የሚያሳይ፣ ጀርባው ላይ የተሰራ ሙዚቃ እንኳ የለውም፣ የህንድ ብሄራዊ ሽልማትን በምርጥ የታሚል ፊልም ዘርፍ ወስዷል። ሌላው የቪኖትራጅ ኩላንጋል ነው፣ 75 ደቂቃ ብቻ፣ አባትና ልጅ በዛ ሙቀት በእግር ወደ መንደራቸው ሲመለሱ፣ 2021 ላይ ሮተርዳም ፌስቲቫል ታይገር ሽልማት ወሰደ፣ በዛው አመት ህንድ ለኦስካር ያቀረበችው እሱን ነው። አንና ሲያሳየን ስለ ታሪኩ አልነበረም የሚያወራው፣ አቁሙት ይልና ይሄ ሾት ላይ ስንት ሰው የሰራ ይመስላችኋል ብሎ ያስቆጥረን ነበር።

ለብርሃን የተከራየነው ጥቂት ኤልኢዲ ነው። ሙትራሙ ላይ ጸሃዩ ሲበረታ ካሜራማኑ ወንዶች የሚያገለድሙትን ነጭ ቬሽቲ አራቱን ሰፍቶ ከጣሪያ ጣሪያ ወጠረው፣ በቃ ለስላሳ ብርሃን ሆነ። ሲኖቹ በሰአት ተከፋፈሉ፣ ጠዋት ግቢ፣ ቀትር ላይ የውስጥ ክፍል፣ ከሰአት በኋላ ቲናይ። ተዋንያን ውስጥ የመድረክ ልምድ ያላት እናትየዋ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ የመንደሩ ሰዎችና የአንና ዘመዶች ናቸው፣ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት 10 ቀን ሙሉ እዛው ቤት ያለ ካሜራ ተለማመዱ፣ አብረው አበሰሉ፣ አብረው በሉ። ልምምድ ከሁሉም ነገር ርካሹ ነው፣ የሚያስወጣው ሩዝና ሳምባር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፑጃ የሚሉት ጸሎት ተደረገ፣ ካሜራው ላይ አበባና ቀይ ኩምኩም ተደረገለት፣ ኮኮናት ተሰበረ፣ መኪናው ጎማ ስር ሎሚ ተቀመጠ፣ ከዛ ቀረጻ ተጀመረ። ምግብ ላይ አንና አልቆጠበም። ጠዋት ኢድሊና ፖንጋል፣ ምሳ በሙዝ ቅጠል፣ 11 ሰአት ላይ ሻይ በባጂ። እዛ አገር ሰላምታው ራሱ ሳፕቲያ ነው፣ በልተሃል ወይ ማለት ነው፣ እና በትንሽ ክፍያ የሚሰራ ሰው ምግቡ ከጎደለ ልቡ ይሸፍታል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ቀን ምሳ ሁለት ሰአት ዘግይቶ ከዛ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ሞተ።

አሁን ወደ ድምጽ። ታሚል ፊልም ላይ የተለመደው ዳቢንግ ነው፣ ሲቀረጽ የሚወሰደው ድምጽ ለመመሪያ ብቻ ይሆንና በኋላ አክተሩ ስቱዲዮ ገብቶ አፉን እያየ ደግሞ ይናገረዋል። የኛ ሰዎች ግን ገበሬዎች ናቸው፣ አንድ ጊዜ የተናገሩትን መልሰህ በአፋቸው ልክ ተናገሩ ብትላቸው ድምጻቸው ይሞታል፣ ስቱዲዮ ደሞ በሰአት ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ድምጹ እዛው በቀጥታ እንዲወሰድ ተወሰነ፣ አንድ ቡም፣ ሁለት ልብስ ስር የሚገባ ዋየርለስ ማይክ፣ አንድ ሪከርደር፣ ሁለት ሰው፣ ሪከርዲስቱና እኔ።

የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰአት ተነስተን ማይክ ስንከፍት መንደሩ በሙሉ መዝሙር ነው። ማርጋሊ የሚባለው ወራቸው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው፣ በዛ ወር ቤተ መቅደሶች ሳይነጋ በድምጽ ማጉያ መዝሙር ይከፍታሉ። እኛ ጃንዋሪ መጀመሪያን የመረጥነው የሰሜን ምስራቁ ዝናብ እስከ ዲሴምበር ስለሚያልቅ ነው፣ ሎኬሽኑን ያየነው ግን ኦገስት ላይ ነበር፣ ያኔ ጸጥ ረጭ ያለ ነበር። መዝሙሩ ደሞ በካሴት የወጣ የሰው ንብረት ስለሆነ ጀርባ ላይ በትንሹ እንኳ ቢሰማ የመብት ጥያቄ ያመጣል። ሶስት ቀን የንጋት ሲን መቅረጽ አልቻልንም። በመጨረሻ የአንና አጎት ትሪ ላይ ኮኮናት፣ ሙዝና የሚታኘክ የቢትል ቅጠል ደርድሮ ቤተ መቅደሱ ሄደ፣ በአገራቸው ወግ ባዶ እጅህን ሄደህ አትለምንም፣ ሰዎቹም አላጠፉትም ግን የማጉያውን አፍ ወደ መንገዱ አዞሩት። ያችው ማዞር ብቻ በቃችን። ስለዚህ ሎኬሽን ስታዩ በምትቀርጹበት ወር፣ በምትቀርጹበት ሰአት ሂዱና አይናችሁን ጨፍናችሁ 20 ደቂቃ ቁሙ። በአይናችሁ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።

ሌላው ጣጣ ማራገቢያ ነው። እዛ አገር ቤት ውስጥ የጣሪያ ማራገቢያ ሳይዞር የሚኖር የለም፣ ድምጹ ግን ማይክ ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ነው፣ ሲጠፋ ደሞ ሰው በሁለት ደቂቃ ያልበዋል፣ አንዱ ሾት ላይ ደረቅ ፊት ሌላው ላይ እርጥብ ፊት ይሆናል። ማራገቢያው በየቴኩ መሃል፣ ማለት አንዱ ቀረጻ አልቆ ሌላው እስኪጀመር፣ እየተከፈተ፣ አንዲት ልጅ ፎጣ ይዛ ፊት እያደረቀች ነው የተሰራው። ፍሪጅም እናጠፋ ነበር፣ ሁለተኛው ቀን መልሰን መክፈት ረስተን የአያትየው ወተትና እርጎ ተበላሸባቸው፣ ከዛ ሪከርዲስቱ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ፣ ቁልፉን ሳይወስድ ወደ ማደሪያው መሄድ ስለማይችል የፍሪጁን በር ይከፍታል፣ ያኔ መልሶ ማብራቱን ያስታውሳል። እኔ እስካሁን እንደዛ ነው የማደርገው። ደሞ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሰው ሳይንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ባዶ ድምጽ ቅረጹ፣ ኤዲተሩ ሲቆርጥና ሲቀጥል ስፌቱን የሚሸፍነው በዛ ነው፣ ሁሉም ደክሞት ወደ ምሳ ሊሮጥ ሲል አንድ ደቂቃ ቁሙልኝ ማለት ያሳፍራል፣ ቢሆንም በሉ።

ከሁሉም የማልረሳው ኦፓሪ ነው። ኦፓሪ ማለት የታሚል ሙሾ ነው፣ ሴቶች ሟችን እያነሱ፣ ደግነቱን እየቆጠሩ፣ ለምን ጥለኸን ሄድክ እያሉ የሚያወርዱት፣ መጀመሪያ ስሰማው ጎጃም ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት የሰማኋት አልቃሽ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው፣ ቃሉን ሳላውቀው ዜማው ውስጤ ገባ። አንና የቀብሩን ሲን ከነ ኦፓሪው ሊቀርጽ ነበር፣ አያትየው፣ ፓቲ ነው የምንላቸው፣ አይሆንም አሉ። ሰው ባልሞተበት ቤት ሙሾ አይወርድም፣ ሟርት ነው አሉ። ቤቱ የሳቸው ነው፣ እምነታቸው ነው፣ ማንም አልተከራከራቸውም። እና አንና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ስክሪፕቱን አስተካከለ፣ ፊልሙ ከቀብሩ ማግስት እንዲጀምር አደረገው፣ ወንበር ሲመለስ፣ ከየጎረቤቱ የመጣው ድስት ሲታጠብ። የቀብሩ ሲን ቢቀረጽ ኖሮ 200 ሰው ማብላትና የፓራይ ከበሮ ቡድን መቅጠር ነበረብን፣ ያ ሁሉ ብር ተረፈ፣ ግን ብሩን ትቼ ልንገራችሁ፣ ፊልሙ ራሱ የተሻለ ሆነ፣ ለቅሶ ያለቀ እለት ያለውን ባዶነት የማያውቅ የለም።

ኦፓሪዋን ግን ድምጿን ብቻ ወሰድነው። ሴትዮዋ ከጎረቤት መንደር ናቸው፣ እድሜያቸው 70 ይሆናል፣ ከቤቱ ርቀን ቦዩ ዳር ዛፍ ስር ተቀመጥን። ማይኩን ሳስጠጋ ለማን ነው የማለቅሰው አሉ። አንና ለፊልሙ አባት አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ለማላውቀው ሰው አላለቅስም፣ ለባሌ አለቅሳለሁ እናንተ ውሰዱት አሉ። 11 ደቂቃ ነው፣ አንድ ቴክ። መሃል ላይ ትራክተር አለፈ፣ ሪከርዲስቱ አላቆመም፣ እኔም እጄ እየተንቀጠቀጠ ቡሙን አላወረድኩም። ትራክተሩ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ማንም ይውጣ አላለም። ለሳቸው የተከፈላቸው ለዋና ተዋናይዋ በቀን የሚከፈለው ያህል ነው፣ ፊርማም ተፈራርመን ነው፣ ድምጻቸው የት የት እንደሚሰማ በታሚልኛ ተነቦላቸው። የእናንተም አልቃሽ፣ አዝማሪ፣ የሰፈር እናት ቢሆኑ እንደዚሁ አድርጉ፣ ባህል ነው ብላችሁ በነጻ አትውሰዱ።

ቁራውም ድምጽ ሆኖ ነው የቀረው። እነሱ ጋ ለሞቱ ሰዎች ሩዝ አጥር ላይ አስቀምጠው ቁራ ይጠራሉ፣ ቁራው መጥቶ ከበላ ሟቹ ተቀብሏል፣ ካልመጣ ቅር ያለው ነገር አለ። የፊልሙ ትልቁ ሲን እናትየው ሩዙን አስቀምጣ ስትጠብቅ ነው። ለቁራው ሁለት ጠዋት ጠብቀን ቀረጽነው፣ ቆንጆ ነበር። ኤዲት ላይ ግን ልምድ ያለው ሰው ሲያየው፣ ህንድ ውስጥ እንስሳ ያለበት ፊልም ከቀረጻ በፊት የእንስሳት ደህንነት ቦርድ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያለሱ ሳንሱር ላይ ይያዛል አለን። እኛ ወፍ እንስሳ ሆኖ ይቆጠራል ብለን አላሰብንም፣ አልጠየቅንም፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ሾቱ ወጣ። የቀረው የእናትየው ፊት ነው፣ አጥሩን እያየች። እኔ ደሞ ስራ ፈትቼ በነበርኩባቸው ጠዋቶች 40 ደቂቃ ያህል የቁራ ድምጽ ቀርጬ ነበር፣ የሩቁን፣ የቅርቡን፣ ክንፉ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ያለውን። ሲኑ በሱ ተሰራ። ፊቷ ላይ እንዳለን መጀመሪያ ሩቅ ይጮሃል፣ ዝም፣ ከዛ ክንፍ፣ ከዛ ጥፍር ጡብ ላይ። ፓቲ ፊልሙን ኩምባኮናም ሲኒማ ቤት ሲያዩት እዛች ቦታ ላይ ጮክ ብለው ቫንዱታር አሉ፣ መጡ ማለት ነው፣ ለባላቸው በሚናገሩበት አክብሮት።

ቢዲ ስለሚባለው የህንድ ሲጋራም ልንገራችሁ። አጎትየው ሶስት ሲን ላይ ያጨሳል። በህንድ ህግ ሲጋራ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግዴታ ነው፣ መጀመሪያና መሃል ላይም የጤና ማስታወቂያ ይገባል። አንዱ ሲን እናትየው የምታለቅስበት ነው፣ አጎትየው ከጀርባዋ ቢዲ ይዟል፣ እና ከፊቷ ስር ማጨስ ጤናን ይጎዳል የሚል ጽሁፍ ተቀመጠ። ስክሪፕቱ ላይ ቢዲውን በቢትል ቅጠል መቀየር አንድ መስመር ነበር።

ቀረጻው በ17 ቀን አለቀ። የመጨረሻው ቀን ላይ ነጭ ዱባ ይሰበራል፣ ሰው ዱባው ተሰበረ ሲል ፊልሙ ተቀርጾ አለቀ ማለቱ ነው። ዱባው ሲሰበር በሂሳቡ ውስጥ የቀረው 3 ላክ ነበር። ከሁሉም የጎዳን ይሄ ነው። ኤዲተሩ ሌላ ስራ እየሰራ ማታ ማታ ብቻ ስለሚመጣ ኤዲቱ ሰባት ወር ፈጀ፣ የድምጽ ሚክሱ ብድር እስኪገኝ ቆመ፣ ፖስተር የተሰራው በጓደኛ ነው። ሃርድ ዲስኮቹን ሶስት ቦታ ማስቀመጣችን ብቻ ነው እንቅልፍ የሰጠን። ሲወጣ ደሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለሚታይበት የዲጂታል ማሳያ የሚከፍለው ፕሮዲውሰሩ ነው፣ በዚህ ክፍያ የተነሳ 2018 ላይ የታሚል ፕሮዲውሰሮች ከማርች ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ አዲስ ፊልም ማውጣት አቁመው ነበር፣ ለትንሽ ፊልም ከባድ ነው። አርብ ቀን ከትልልቅ ፊልሞች ጋር ወጣን፣ የተሰጠን የጠዋት ሾው ነው፣ የቤተሰብ ፊልም ደሞ ቤተሰብ የሚያየው ማታ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አልነበረም። ብር ያመጣው በኋላ በኦንላይን የተሸጠው ነው፣ ሙሉውን አልመለሰም፣ የእህትየው ወርቅ ከብድሩ የወጣው ፊልሙ ከወጣ ከአመት በላይ ቆይቶ ነው። አንናን ዛሬ ብትጠይቁት ግማሹን ብር ከቀረጻ በፊት የማይዋሽህ ሰው ጋ አስቀምጥ፣ ስትለምነውም እንዳይሰጥህ ንገረው ነው የሚላችሁ።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ነኝ፣ ከሁለት ልጆች ጋር የቤተሰብ ፊልም እያሰብን ነው፣ ጉለሌ አክስቴ ቤት ውስጥ። እስካሁን አንድም ገጽ አልተጻፈም። ሶስት ሌሊት እዛ አድሬ አዳምጫለሁ፣ ምጣዱ ሲሰካ የመብራቱ መጠን ይወርድና ፍሪጁ ድምጹን ይቀይራል፣ ሳሎን ሲወራ አክስቴ መኝታ ቤት ሆና ትሰማለች፣ ቆርቆሮው ጸሃይ ሲነካው 3 ሰአት ላይ መንጫጫት ይጀምራል፣ እና ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ፍልሰታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በማጉያ ነው። ስለዚህ ቀረጻውን ለጥቅምት አድርገነዋል፣ ከዛ በፊት ግን በጥቅምትም የሚነግስ ታቦት እንዳለ አክስቴን መጠየቅ አለብኝ።